በብሪታንያ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ሲባል የተጠየቀው ማን ነው?

ማህሌት ከበርሚንግሃም

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ «የእንግሊዝ ወጣቶች በገፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው፣ ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ሲዞር ሰነበተ። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ሌላ ጥናት አሳየችኝ። እሱ ደግሞ ተገላቢጦሹን ነው የሚለው። ስለ ስደተኛም ስታነቡ ያው ነው። አንዱ ጋዜጣ ሕዝቡ መሮታል ይላል፣ ሌላው ሕዝቡ ልቡ ራርቷል ይላል። ሁለቱም ጥናት ይጠቅሳሉ።

እዚህ አገር ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አለ። እነሱ 1 ሺህ ወይም 2 ሺህ ሰው ጠይቀው «ብሪታንያውያን ይህን ያስባሉ» ይሉናል። እኔም ሆንኩ የማውቃቸው ሐበሾች አንድም ቀን ተጠይቀን አናውቅም። ታዲያ የሚጠየቀው ማን ነው? ፖለቲከኛው ያንን ቁጥር ይዞ ነው ስለኛ ሕግ የሚያወጣው። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ አድርጉት፣ እንዳይምታታብን።

የሊድሱ ልጅ

ማህሌት፣ ባትደክሚ ይሻላል። በ2015 ምርጫ ሁሉም ሌበርና ኮንሰርቫቲቭ እኩል ናቸው አሉ። ኮንሰርቫቲቭ በ7 ነጥብ ገደማ መራ። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ሪፈረንደም ቀን ዩጎቭ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ጠያቂ ኩባንያ «መቆየት 52፣ መውጣት 48» ብሎ ነበር። ውጤቱ ልክ ተገልብጦ መጣ። ጥናቱን የሚያስጠናው ገንዘብ የከፈለው ነው። ጋዜጣው የሚፈልገውን ርዕስ ይገዛል፣ በቃ።

የቀድሞ ጠያቂ

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ ሳስሞላ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለዚህ ከውስጥ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አንደኛ፣ ሁለት ዓይነት ሥራ ነው ያለው። ሕዝቡ ሁለቱንም «ፖል» እያለ አንድ ላይ ይጠራቸዋል፣ መደናገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንደኛው ዓይነት ኩባንያው በኢንተርኔት ከተመዘገቡ ሰዎች መካከል የሚጠይቀው ነው። ዩጎቭ በ2000 ሲመሠረት ይህንን መንገድ ይዞ ነው የገባው። ሰዎቹ ራሳቸው ፈልገው ይመዘገባሉ። ለሞሉት መጠይቅ ነጥብ ያገኛሉ፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ገንዘብ ይሆናል። ኩባንያው ከእነሱ ውስጥ ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ወጣት፣ ይህን ያህል ከሰሜን እንግሊዝ እያለ ያመጣጥናል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። ዛሬ ተጠይቆ ነገ ጋዜጣ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው በዕጣ የሚደረግ ነው። ከ1983 ጀምሮ የሚካሄደው «የብሪታንያ ማኅበራዊ አመለካከት ጥናት» እንዲህ ነው። ናትሴን የሚባል የጥናት ተቋም ነው የሚያካሂደው። ከፖስታ ቤቱ የአድራሻ መዝገብ ላይ አድራሻዎች በዕጣ ይወጣሉ። ቀድሞ ደብዳቤ ይላካል። ከዚያ፣ እስከ ኮቪድ ድረስ፣ ጠያቂ ሄዳ በር ታንኳኳ ነበር። እቤት ውስጥ ከሚኖሩት አዋቂዎች ማን እንደሚጠየቅም የምትመርጠው እሷ አይደለችም። ያም በዕጣ ነው። ባልየው «እኔ ልመልስልሽ፣ ሚስቴ ሥራ ላይ ናት» ካለ፣ አይሆንም። ዕጣው የወጣው ለሚስትየው ከሆነ እሷን ጠብቀሽ ነው የምታገኚው። ቀን ካላገኘሻት ማታ፣ ማታ ካላገኘሻት ቅዳሜ ትመለሻለሽ። ጎረቤት ሄደሽ መተካት ክልክል ነው። የሥራው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ለምን መሰላችሁ? ሁልጊዜ ቤት የሚገኝና ማውራት የሚወድ ሰው፣ ቤት ከማይገኘው ሰው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። የሌሊት ጽዳት የምትሠራውን፣ ታክሲ የሚነዳውን፣ ሦስት ሕፃን የምታሳድገውን ትቶ ቶሎ የተገኘውን ብቻ ከጠየቃችሁ የአገሩን መልክ አታዩም። ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲሰጥና ወረፋ ቀድሞ ለደረሰ ሲሰጥ ቤት የሚደርሰው ሰው አንድ እንደማይሆን ሁሉ ማለት ነው።

ቁጥር ወዳጅ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግሩም አድርገው ነው ያብራሩት። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ለንደን ነው የምኖረው። ማህሌት «1 ሺህ ሰው እንዴት ይበቃል?» ላለችው ልመልስ።

በዕጣ ከተመረጠ 1 ሺህ ሰው ይበቃል። የስህተቱ ህዳግ ወደላይም ወደታችም 3 ነጥብ ገደማ ነው። 50 በመቶ ተብሎ ከወጣ እውነቱ ከ47 እስከ 53 ባለው ውስጥ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 95 ነው። የሕዝቡ ብዛት 5 ሚሊዮንም ይሁን 70 ሚሊዮን ይህ እምብዛም አይለወጥም። ሰው ለማመን ይቸገራል፣ ግን በስሌት የተረጋገጠ ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ከ1 ሺህ ሰው ውስጥ ጥቁር አፍሪካዊ የሆነው 25 ወይም 30 ቢሆን ነው። በ30 ሰው «ጥቁሮች እንዲህ ያስባሉ» ማለት አይቻልም። ህዳጉ 18 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። ጋዜጦች ግን ያንን ትንሽ ቁራጭ አውጥተው ትልቅ ርዕስ ይሠሩበታል። ስለ እኛ የሚጻፍ ነገር ስታዩ መጀመሪያ ስንት ሰው ተጠየቀ በሉ።

የሊድሱ ልጅ

እሺ፣ ዕጣው ጥሩ ነው እንበል። 2015ስ? እሱን መልሱልኝ።

ቁጥር ወዳጅ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ መልሱም ተጽፎ አለ። ከዚያ ምርጫ በኋላ ፓትሪክ ስተርጊስ የሚባል ፕሮፌሰር የመራው አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። በመጋቢት 2016 ሪፖርቱ ወጣ። ሰው ዋሽቷል የሚለውን መረመሩ። በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን ቀይሯል የሚለውንም አዩ። ዋናው ጥፋት ግን የናሙናው ሆኖ ተገኘ። በኢንተርኔትም በስልክም የተጠየቁት ሰዎች ውስጥ የሌበር ደጋፊ ከልክ በላይ በዝቶ ነበር። ፖለቲካ የሚከታተል ወጣት በቀላሉ ይገኛል፣ ፖለቲካ የማይገደው ወጣት አይገኝም። ዕድሜያቸው የገፋ አዛውንቶችም በቂ አልነበሩም።

አሁን ይህን ልብ በል። ከምርጫው በኋላ በዕጣ ተመርጠው፣ በር ተንኳኩቶ የተጠየቁ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጥናት ቅድም እትዬ የነገሩን ነው፣ ሌላው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚካሄደው የብሪታንያ የምርጫ ጥናት ነው። ሁለቱም የኮንሰርቫቲቭን ብልጫ ወደ እውነቱ ተጠግተው አገኙት። ያው ሕዝብ ነው፣ ያው ምርጫ ነው። የተለየው ሰዎቹ የተመረጡበት መንገድ ነው።

በ1992ም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ያኔ ሌበር በጥቂቱ ይመራል ተብሎ ኮንሰርቫቲቭ በ7.6 ነጥብ አሸነፈ። በ2024ም ማን እንደሚያሸንፍ አላጡትም፣ የሌበርን ድርሻ ግን በአማካይ ከእውነቱ ከፍ አድርገውት ነበር። ስለዚህ ቅሬታህ መሠረት አለው። ያኔ የተበላሸው ግን በክፍያ አልነበረም። ለክፍያማ ኩባንያዎቹ ከ2004 ጀምሮ የፖሊንግ ካውንስል የሚባል ማኅበር አላቸው። አባል የሆነ ማን እንደከፈለ፣ ጥያቄው እንዴት እንደተጠየቀና ሙሉ ሠንጠረዡን ውጤቱ በታተመ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ማውጣት አለበት። ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል።

ጦቢያ ማንችስተር

የምርጫ ማታ 4 ሰዓት ላይ ቢቢሲ የሚያወጣውስ? እሱ እኮ ሁሌ ይመታል።

ቁጥር ወዳጅ

እሱ ሌላ ነገር ነው። መርጠው ከጣቢያ የወጡ ሰዎችን ነው የሚጠይቁት። «ትመርጣለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የለም፣ ሰውየው መርጦ ወጥቷል። ደግሞ በአፉ አይናገርም። የምርጫ ወረቀቱን የሚመስል ወረቀት ይሰጠዋል፣ ምልክት አድርጎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። በተቻለ መጠን ባለፈው ምርጫ የጠየቁባቸው ጣቢያዎች ላይ ተመልሰው ነው የሚቆሙት፣ ለውጡን ለመለካት። በ2024 ለሌበር 410 መቀመጫ ገመቱ፣ 411 አገኘ። ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ ላይ ግን 13 ብለው 5 ነው የሆነው። ትናንሾቹ ፓርቲዎች ላይ ያስቸግራል።

ብርሃን ዘለንደን

ወደ ማህሌት የቤተ ክርስቲያን ዜና ልመለስ። በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ወጣቶችን በሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ፣ ዜናው እኛም ጋ ደርሶ ነበር።

ሪፖርቱን ያወጣው የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው፣ በሚያዝያ 2025። መረጃውን የሰበሰበው ዩጎቭ ነው፣ በኢንተርኔት ከተመዘገቡት ሰዎች። በ2018 እና በ2024 ጠይቀው አወዳደሩ። በእንግሊዝና ዌልስ ቢያንስ በወር አንዴ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ከ8 በመቶ ወደ 12 በመቶ አደገ አሉ። ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉ ወንዶች ላይ ደግሞ ከ4 ወደ 21 በመቶ። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። እውነት ከሆነ በአገሪቱ ያለ አጥቢያ ሁሉ ያየው ነበር።

ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ቆጠራ አላት። በየአጥቢያው የመጣው ሰው ይቆጠራል። ከኮቪድ በኋላ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ነው፣ ሆኖም የ2019 ቁጥር ላይ አልተመለሰም። በዕጣ የሚጠይቀው የማኅበራዊ አመለካከት ጥናት ደግሞ በ2018 እና በ2024 መካከል የአማኙ የቤተ ክርስቲያን ጉዞ ቀንሷል ነው የሚለው። ዴቪድ ቮአስ የሚባሉት የሥነ ሕዝብ ምሁር ይህንን ይዘው የመነቃቃቱን ዜና ተቃውመዋል። የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ የጠየቀው ከ13 ሺህ ሰው በላይ ነው። በዕጣ የሚጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ብዛት ብቻ የሚያሳምን ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ገና ድሮ ባለቀ።

እኔ ወጣቶች ወደ ቤተ እግዚአብሔር ቢመጡ ደስታዬ ነው። ለዚህ ነው የምናደደው። ባልተጣራ ቁጥር ላይ ደስታችንን ብንመሠርት ልጆቻችን ነገ ቁጥሩ ሲወድቅ ምን ይላሉ? በለንደን የኛ አጥቢያዎች ሞልተዋል። የናይጄሪያዎቹም፣ የኤርትራዎቹም ሞልተዋል። ያንን በዓይናችን እናየዋለን። የሞላው ግን ባመዛኙ ከስደት በመጣ ሰውና በልጆቹ ነው። የአገሬው ወጣት ተመለሰ ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ማህሌት ከበርሚንግሃም

ግን 13 ሺህ ሰው ተሰብስቦ አይዋሽም እኮ። ስህተቱ ከየት መጣ?

የቀድሞ ጠያቂ

ማህሌትዬ፣ ሁሉም መዋሸት የለበትም። ጥቂቱ ይበቃል። ለነጥቡ ብሎ ሳያነብ የሚጫን አለ። ዕድሜውን ቀንሶ የሚመዘገብ አለ፣ ምክንያቱም ወጣት መልስ ሰጪ ስለሚጠፋ ወጣት ነኝ ያለ ብዙ መጠይቅ ይላክለታል። እንዲህ ያለው ሰው ሁሉንም ጥያቄ «አዎ» ማለት ይቀናዋል።

ይህን አሜሪካ ውስጥ ፒው የሚባለው የጥናት ማዕከል ፈትኖታል። በኢንተርኔት ራሳቸው የተመዘገቡ ሰዎችን «የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ለመንዳት ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከ30 ዓመት በታች ነን ካሉት ውስጥ 12 በመቶው «አዎ» አሉ። እንግዲህ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲጠየቁም «አዎ» የሚሉት እነዚሁ ይሆናሉ። ጥቂት በመቶ ብቻ ሰው የሚሠራውን ነገር ስትለኪ፣ በዘፈቀደ የሚጫኑት እውነቱን ይውጡታል። ምርጫ ላይ 35 እና 30 ስታወዳድሪ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።

የዕጣውም መንገድ ጣጣ የለውም እንዳትሉ። በ1980ዎቹ ካንኳኳነው በር ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ይመልሱልን ነበር። እየቆየ ከግማሽ በታች ወረደ። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ በር ማንኳኳቱ ቀርቶ በደብዳቤ ጠርተው በኢንተርኔት ነው የሚያስሞሉት። የመንግሥት ስታቲስቲክስ ቢሮም ከዚህ አላመለጠም። በጥቅምት 2023 ሥራ አጡን የሚለካበትን ትልቁን ጥናት መልስ ሰጪ አንሶበት ለጊዜው ማተም አቆመ። ማዕከላዊው የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ሲወስን የሚያየው ቁጥር ነው ይሄ! ሰው በር ሲዘጋ ጉዳቱ እዚያ ድረስ ነው።

ነርሷ ከግላስጎው

ሁላችሁም ስለ ስህተቱ አወራችሁ። እኔ ደግሞ እውነት ስለተናገረው ላውራ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የምኖረው ነው።

ሕዝቡ በኤንኤችኤስ፣ ማለትም በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ፣ ያለውን እርካታ የሚለካው ይኸው ከ1983 የጀመረው ጥናት ነው። በ1997 34 በመቶ ነበር። በ2010 70 በመቶ ደረሰ፣ ከዚያ በላይ ሆኖ አያውቅም። በ2023 24፣ በ2024 21 በመቶ ወረደ። ጥናቱ ከተጀመረ ጀምሮ ዝቅተኛው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ያደረ ሽማግሌ ያየ ሰው ይህን ቁጥር አይጠራጠርም።

ይኸው ሕዝብ ግን «ሕክምና ሲፈለግ ያለ ክፍያ መሰጠቱ ይቅር?» ሲባል ከአሥር ዘጠኙ ገደማ አይቅር ይላል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ሰዎቹ የተናደዱት በአሠራሩ እንጂ በሐሳቡ አይደለም። አንዱን ጥያቄ ብቻ ይዞ «ሕዝቡ ኤንኤችኤስን ጠልቶታል» የሚል ፖለቲከኛ ግማሹን ነው የሚናገረው። ኢፕሶስ የሚባለው ሌላው የጥናት ኩባንያም በየሙያው ማን ይታመናል እያለ ከ1983 ጀምሮ ይጠይቃል። ነርስ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባች ወዲህ አንደኛ ናት። ፖለቲከኛ በ2023 9 በመቶ ብቻ ነው የታመነው። ከኛ አገር የመጣን ስንት ነርሶችና ተንከባካቢዎች እዚያ አንደኛው ቦታ ላይ ቆመናል፣ ልጆቻችን ይህን ይወቁልን።

ጦቢያ ማንችስተር

ነርሷ፣ እጅሽ ይባረክ። ስለ ስደተኛ የሚጠየቀውም እንዲሁ ነው። ኢፕሶስ ከ1974 ጀምሮ «አገሪቱን የገጠማት ትልቁ ጉዳይ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል። በ2015 መስከረም ሶሪያውያን በባሕር በሚመጡበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ሰው ስደት አለ። ከሪፈረንደሙ በኋላ ወረደ፣ ወረደና በ2020 ገደማ ጉዳዬ የሚለው ሰው ጥቂት ብቻ ሆነ። የሚገርመው እስከ ኮቪድ ድረስ የሚገባው ሰው ቁጥር ያን ያህል አልወረደም። ከዚያ የጀልባዎቹ ዜና ሲበዛ እንደገና ተመለሰ።

አሁን ጥያቄው ሲለወጥ እዩ። «አንተንና ቤተሰብህን የገጠመህ ትልቁ ጉዳይ?» ሲባል ስደት የሚለው ሰው በብዙ ይቀንሳል። ኑሮ ውድነትና ጤና ይቀድማሉ። «የነርስ ቁጥር ይቀነስ?» ሲባልማ ብዙው ሰው አይቀነስ፣ እንዲያውም ይጨመር ይላል። ተንከባካቢም፣ ሐኪምም እንዲሁ። በደፈናው «ስደተኛ ይቀነስ?» ስትል ግን ብዙው አዎ ይላል። ያው ሰው ነው ሁለቱንም የሚመልሰው። እኔ የሚያመኝ ጋዜጣው የመጀመሪያዋን ጥያቄ ብቻ ነጥሎ ሲያወጣት ነው። የጎረቤቴ ሐሳብ ከዚያ ርዕስ በጣም ይሰፋል።

ቁጥር ወዳጅ

በዚሁ ላይ አንድ ልጨምር። ለስኮትላንድ የ2014 ሪፈረንደም መንግሥቱ መጀመሪያ ያቀረበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነፃ አገር እንድትሆን ትስማማለህ?» የሚል ነበር። የምርጫ ኮሚሽኑ ሰው ላይ ሞክሮ «ትስማማለህ» የምትለዋ ወደ አዎ ትገፋለች አለና አስወጣት። «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት?» ሆነ። ለ2016ቱም አዎ እና አይ የሚለው ቀርቶ «መቆየት» እና «መውጣት» እንዲሆን ያስደረገው እሱ ነው። አንድ ሙሉ ተቋም በአንዲት ቃል ላይ እንዲህ ይጨነቃል። የቲክቶክ ፖል የሚያጋሩ ወዳጆቼ ይህን ቢያውቁ እላለሁ።

የሊድሱ ልጅ

ይህን ያህል ከተባለ እኔም አንድ ልጠይቅ። ሕዝቡ ያለውን መንግሥት ካልሰማ ጥናቱ ምን ይሠራል?

ብርሃን ዘለንደን

ሁልጊዜ መስማትም የለበትም። የሞት ቅጣትን ተመልከት። ፓርላማው ለነፍስ ግድያ ያስቀረው በ1965 ነው፣ በ1969 ቋሚ አደረገው። አብዛኛው ሕዝብ ያኔ ቅጣቱ ይኑር ባይ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ እንኳ ከአራት ሰው ሦስቱ ገደማ ይመለስ ይል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች የሆነው በ2014 ነው፣ 48 በመቶ። ሕጉ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ ሄዶ ሕዝቡ ቀስ እያለ ተከተለው። ይህን የምናውቀው ያንኑ ጥያቄ በዚያው መልኩ ሠላሳ ዓመት ደጋግሞ የጠየቀ ስላለ ብቻ ነው። ሃይማኖት የለኝም የሚለው ሰው በ1983 31 በመቶ፣ በ2018 52 በመቶ የሆነውን ያወቅነውም በዚሁ ነው። ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፣ የአንድ ሳምንት ርዕስ አይደለም።

ማህሌት ከበርሚንግሃም

በጣም አመሰግናለሁ። ግን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ገና ነው። እኛ የት ነን? ዕጣ ነው ካላችሁ ለሐበሻም መውጣት ነበረበት።

የቀድሞ ጠያቂ

ይወጣል፣ ግን ቁጥራችን ትንሽ ነው። የኛ ሰው ቤት የደረስኩባቸው ጊዜያት አሉ። ብዙዎቹ በሩን ገርበብ አድርገው «ከካውንስል ነሽ? ከሆም ኦፊስ ነሽ?» ነበር የሚሉኝ፣ የስደተኛን ጉዳይ ከሚይዘው መሥሪያ ቤት ማለታቸው ነው። አልፈርድባቸውም። በወረቀት ጉዳይ ስንት የተንገላታ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ዕጣው ከመነሻውም የማይደርሳቸው አሉ። የዕጣው ጥናት የሚጠይቀው በግል መኖሪያ ቤት ያለ አዋቂን ነው። የጥገኝነት መልስ እየጠበቁ ሆቴል ውስጥ ያሉት ልጆቻችን መዝገቡ ውስጥ የሉም። በየቀኑ ስለነሱ አገሩ ይጠየቃል፣ እነሱ አይጠየቁም። ይህ ያሳዝነኛል።

የተገኘውም ቢሆን «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ናይጄሪያዊ፣ ሶማሌ፣ ጋናዊ፣ ኢትዮጵያዊ አንድ ላይ። የሁሉም ታሪክ እኮ ይለያያል።

ቁጥር ወዳጅ

ለዚህ ሲባል ለብቻ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። በ2010 የምርጫ ጥናቱ ከአምስት ማኅበረሰቦች ወደ 2,800 የሚጠጋ ሰው ለብቻ ጠየቀ። በ2021 ደግሞ «ኢቨንስ» የተባለው ጥናት ከ21 የዘርና የሃይማኖት ቡድኖች 14 ሺህ ያህል ሰው አካተተ፣ በኮቪድ ጊዜ ስለደረሰው መድልዎ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራም አፍሪካዊ የሚለውን መርጠህ ከሥሩ የራስህን መጻፍ ትችል ነበር። ኢትዮጵያዊ ብሎ የጻፈ ተቆጠረ። ባዶ የተወው እዚያው ጥቅሉ ውስጥ ቀረ።

ነርሷ ከግላስጎው

እትዬ፣ ደብዳቤ ቢመጣ እንዴት እናውቃለን? አጭበርባሪ ሞልቷል። መልሱስ ለሆም ኦፊስ አይደርስም?

የቀድሞ ጠያቂ

ልጄ፣ ከሕዝብ ቆጠራው በቀር ሁሉም በፈቃድ ነው። ቆጠራውን እምቢ ያለ እስከ 1,000 ፓውንድ ይቀጣል። ሌላውን አልፈልግም ብትይ ማንም ምንም አያደርግሽም። እውነተኛ ጥናት የባንክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ገንዘብም አያስከፍልም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ሳይሆን የተቋሙን ስልክ ራስሽ ፈልገሽ ደውለሽ አረጋግጪ። የማይመችሽን ጥያቄ ማለፍ ትችያለሽ። ጓዳ ጎድጓዳውን የሚነኩት ጥያቄዎች ላይ እኛ እንኳ መልሱን እንዳናይ ለብቻሽ እንድትሞዪው ወረቀት እንሰጥ ነበር።

ስምና አድራሻ ከመልሱ ይለያል። ተመራማሪ የሚያየው ስም የሌለው ፋይል ነው። የስታቲስቲክስ ቢሮው የያዘውን የሰው የግል መረጃ አሳልፎ መስጠት ደግሞ በ2007 ሕግ ወንጀል ነው። እኔ በሠራሁበት ጊዜ ማን ምን እንዳለ ለባሌ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ካርዲፍ ነኝ

ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። ዜግነት የለኝም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ግን አለኝ። ኦንላይን የተመዘገብኩበት ኩባንያ «ባለፈው ምርጫ ማንን መረጥክ?» እያለ ይጠይቀኛል። ጓደኛዬ «ዝም ብለህ ሌበር በል» አለኝ። ምን ልበል?

ቁጥር ወዳጅ

እባክህ እንዳትል። ኩባንያዎቹ ናሙናውን የሚያስተካክሉት በዚያ መልስ ነው። ባለፈው ምርጫ የእያንዳንዱን ፓርቲ ድርሻ ያውቃሉ። መልስ ሰጪው ውስጥ አንዱ ከበዛ ድምፁን ያቀሉታል፣ ካነሰ ያከብዱታል። አንተ ያልመረጥከውን መረጥኩ ካልክ የሌላ ሰው ድምፅ ይቀላል። አብዛኛው መጠይቅ «አልመረጥኩም» ወይም «መምረጥ አልችልም ነበር» የሚል ምርጫ አለው። እሱን ንካ።

ነርሷ ከግላስጎው

ካርዲፍ፣ ሌላም ነገር ልንገርህ። ዌልስ ውስጥ ሕጋዊ መኖሪያ ካለህ ያለ ብሪታንያ ዜግነትም ለሴኔዱ፣ ማለትም ለዌልስ ፓርላማ፣ እና ለካውንስል መምረጥ ትችላለህ። እዚህ ስኮትላንድም እንዲሁ ነው፣ ከ2020 ጀምሮ። ለዌስትሚንስተር፣ ለአገሪቱ ዋና ፓርላማ፣ ግን አንችልም። እኔ ተመዝግቤያለሁ። ስምህ የመራጮች መዝገብ ላይ አለ?

ካርዲፍ ነኝ

አላውቅም ነበር! ዛሬ ማታ ከሥራ እንደገባሁ አያለሁ። የብሔራዊ ኢንሹራንስ ቁጥር ያስፈልጋል?

ነርሷ ከግላስጎው

አዎ፣ ያዘው። ኦንላይን ነው፣ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።